«ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ

አሮጌ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ኤሲ ልታስሞሉ ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንድትከፍሉ አልፈልግም።

መኪናዬ ከ20 ዓመት በላይ አገልግላለች። ኤሲዋ ማቀዝቀዝ ሲያቆም አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ቧንቧውን በእጁ ነካ ነካ አደረገና «ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» አለኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞላልኝ። ቀዝቃዛ አየር መጣ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሙቀት። ተመለስኩ፣ ሞላልኝ፣ ከፈልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «ኮምፕረሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ክፍል) ሞቷል፣ ይቀየር» ተባልኩ። ተቀየረ። ወር ሳይደፍን እንደገና ሙቅ አየር!

ሌላ ባለሙያ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የሚያፈስበትን ቦታ ፈልገውልሃል?» ብሎ ነው። ማንም አልፈለገም። ባትሪ አብርቶ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር፣ ማለትም የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፍል፣ አየው። ቧንቧው የሚገጠምበት ቦታ ላይ አቧራ የጠጣ ቅባት ነበር። ጋዙ የኮምፕረሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚዞር፣ በሚያፈስበት በኩል ዘይቱ ምልክት ይተዋል። ጥፋቱ የአንዲት የደረቀች የጎማ ቀለበት ነበር። ለእሷ ስል ነው ኮምፕረሰር የገዛሁት።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። በአሮጌ መኪና ላይ በዓመታት ውስጥ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ካለቀ ግን የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላላችሁ ሰው፣ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ እያወቀ ነው የሚሞላው።

ኮምፕረሰሩ አልነሳ ማለቱም ሞቷል ማለት አይደለም። ጋዝ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ራሱ ያጠፋዋል፤ እንዳይጎዳ ተብሎ እንዲህ ነው የተሠራው። ፊውዝ ወይም ሪሌይ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) ሊሆንም ይችላል። «የኮምፕረሰሩ ክላች (ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) ጋ ኤሌክትሪክ ይደርሳል ወይ? ለክታችሁ አሳዩኝ» በሉ። በእርግጥ ተበላሽቶ ከተቀየረ ደግሞ እርጥበት የሚመጠው ድራየር አብሮ መቀየር አለበት። የእኔን አልቀየሩትም ነበር።

ትክክለኛ አሞላል በሩብ ሰዓት አያልቅም። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ መስመሩ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል በቫኪዩም ማሽን ይሳባል። ከዚያ ማሽኑ ይጠፋና የግፊት ጌጁ ይታያል። መርፌው ከተመለሰ አሁንም ያፈሳል ማለት ነው። ጋዙም በግምት ሳይሆን በሚዛን ነው የሚገባው። ልኩና ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ባለ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሲበዛም ማቀዝቀዙን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ መኪኖች አር-12 የሚባል ጋዝ ነበር የሚጠቀሙት፤ ከዚያ በኋላ አር-134ኤ መጣ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ርካሽ ነው ብለው ተቀጣጣይ ጋዝ ሊሞሉላችሁ ቢሉ እምቢ በሉ። «ቀዳዳውን የሚደፍን ፈሳሽ ጨምሬልሃለሁ» የሚባለውንም እንዲሁ። እሱ ራሱ ጠባብ ቦታዎችን ሊዘጋ ይችላል።

ጭራሽ ጋዝ የማይነካቸው ብልሽቶችም አሉ። የኤሲው አየር መኪናው ሲቆም ሞቆ ሲሄድ ከቀዘቀዘ የኮንደንሰሩን ፋን አሳዩ። ነፋሱ በከፍተኛው ቁጥር ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ የነፋሱን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። አየሩ ደካማ ከሆነ ወደ መኪናው ውስጥ የሚነፍሰውን አየር የሚያጣራውን ፊልተር (የሞተሩን አይደለም) አውጥታችሁ እዩት፤ ይሄን ራሳችሁም ትችላላችሁ። ሂተሩ አላሞቅ ካለ ከራዲያተር ውሃና ከቴርሞስታት ጀምሩ። የጋዙን ቧንቧ ግን ራሳችሁ እንዳትፈቱ፤ ሲወጣ ቆዳና ዓይን ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ኮምፕረሰሬን ስጡኝ ብዬ ተመልሼ ነበር። «ጥለነዋል» አሉኝ። ደህና ይሁን አይሁን ማስመርመር አልቻልኩም። እናንተ ሥራው ሳይጀመር፣ የወጣው ዕቃ ሁሉ በእጃችሁ እንዲሰጣችሁ ተነጋገሩ።