የከፈልንሽ ሐላልሽ ይሁን

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ። ጉዟችንን በክፍያ ስላቀደችልን የኮምቦልቻ ልጅ የምጽፈውን ይህን ጽሁፍ ከተመለስን ጀምሮ በልቤ ይዤው ነበር። ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ፣ ቤቱም ትንሽ ጸጥ አለ። እንግዲህ ዛሬ ልጻፈው።

ክረምቱን ዱባይና አቡዳቢ ሄደን መጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እናቴ። እህቴ ዱባይ ስትሠራ 11 ዓመት ሆናት። ትንሹን ልጄን በስልክ እንጂ በአካል አይታው አታውቅም ነበር። ለዓመታት ስታጠራቅም ኖራ «የልጆቹን የመዝናኛ ፓርክ ወጪ እኔ እችላለሁ፣ እናንተ ብቻ እማን ይዛችሁ ኑ» አለችን። ቪዛውንም እዚያው ሆና አስጨረሰች።

የቀረው የት እንሂድ፣ መቼ እንሂድ፣ ምን እንግዛ የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። ጎረቤቴ ናት «ኮምቦልቻ አንዲት ልጅ አለች፣ ዱባይ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ በክፍያ ጉዞ ታዘጋጃለች» ያለችኝ። ባለቤቴ ሲሰማ «ለማቀድም ብር ይከፈላል እንዴ? ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ስንሄድ አንድ ሰው «ሙሉ ፓኬጅ» ብሎ ቀድሞ ብር ተቀበለን። መሀል ከተማ ያለው ሆቴል ዳር ሆኖ አገኘነው። ስንደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ስሙን አላነሳም፣ አልፏል። ግን ከዚያ ወዲህ «እኔ ላዘጋጅላችሁ» የሚል ሰው ያስፈራኛል።

ለማንኛውም አንድ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ቢሮዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ግድግዳው ላይ ካርታ። ከሰላምታ ቀጥሎ የነገረችን ዋጋዋን ነው። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «ሆቴልና መግቢያ የሚሸጥ ሰው ኮሚሽን የሚያገኘው እናንተ ስትገዙ ነው። ብዙ ስትገዙ እሱ ብዙ ያገኛል። እኔን የምትከፍሉኝ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አትግዙ ብላችሁ ምንም አይጎድልብኝም።» ባለቤቴ ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ ነው መስማት የጀመረው።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። «የልጆቹ ቁመት ስንት ነው?» አለችኝ። ዕድሜያቸውን ነገርኳት፣ 14፣ 8 እና 4። «እትዬ፣ ዕድሜ አይደለም፣ ቁመት ነው የምፈልገው። ሮለር ኮስተሩ፣ ያ በሐዲድ ላይ የሚከንፈው መጫወቻ፣ በር ላይ የሚለካው ቁመት ነው» አለች። ማታ ቤት ገብተን ልጆቹን በተራ በሩ መቃን ላይ አቆምናቸው። በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን፣ በእርሳስ አሰመርን። 154፣ 121፣ 101። ምልክቱ አሁንም በሩ ላይ አለ፣ እንዳይጠፋ ብያለሁ። ቁጥሩን በቴሌግራም ላኩላት።

በማግስቱ ድምፅ ላከች። የ8 ዓመቱ ልጄ ለወራት ሲያወራ የከረመው ስለ ፎርሙላ ሮሳ ነው። አቡዳቢ ፌራሪ ወርልድ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለው ሮለር ኮስተር፣ በ5 ሰከንድ ገደማ ውስጥ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርሰው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየው አላህ ይወቅ። እሷ ግን «ቁመቱ አይደርስም። አሁን ንገሩት፣ እዚያ በር ላይ አይስማ» አለችን። ነገርነው። አለቀሰ፣ እራት አልበላም። ሌሊቱን ሁሉ አሳዘነኝ። ግን በሁለተኛው ቀን ለእሱ ቁመት የሚሆኑትን መጫወቻዎች በስም ጽፋ ላከችለት። ወረቀቱን አትመን ሰጠነው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ፌራሪ ወርልድ የገባን ቀን ያንን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ አንዱን በተጫወተ ቁጥር እየሰረዘ ዋለ። እህቱ ከአባቷ ጋር ፎርሙላ ሮሳ ስትሳፈር ቆሞ አጨበጨበላት። በሩ ላይ ሌላ ልጅ ተለክቶ ሲመለስ አየሁ። መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እናቱ ግራ ገብቷት ቆማለች። የኔ ልጅ ልቅሶውን ደሴ ጨርሶት ነው የሄደው። ለዚህ ብቻ እንኳ ብከፍላት አይቆጨኝም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ነው። የልጆች ዕረፍት ክረምት ነው፣ ሌላ ጊዜ ረጅም ዕረፍት የላቸውም። እኛ ጦሳ ተራራ ሥር በጉምና በዝናብ ጋቢ ተከናንበን በምንቀመጥበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። እህቴ በስልክ ግሎባል ቪሌጅን፣ የዱባዩን የገበያና የመዝናኛ መንደር፣ ለልጆቹ ቃል ገብታላቸው ነበር። እሷ እንደሄደችበት የነገረችን በታኅሳስ ነው። ኮምቦልቻዋ ልጅ «ግሎባል ቪሌጅ በበጋቸው ይዘጋል። አበባ ያለበት ሚራክል ጋርደንም እንደዚያው። ሁለቱም ብርድ ሲሆን ነው የሚከፈቱት» አለች። እህቴን ደውለን ጠየቅናት። «ውይ! እውነት ነው፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ የምሄደው በብርዱ ስለሆነ አላሰብኩትም» አለች። አያችሁ፣ 11 ዓመት የኖረችውም አላሰበችውም። እዚያ መኖር አንድ ነገር ነው፣ ልጅና አሮጊት ይዞ ለሚሄድ ሰው ማሰብ ሌላ ነው።

ሌጎላንድንም ሰረዘችው። ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ነው፣ ግን አብዛኛው ጨዋታ ደጅ ነው። በምትኩ ጣሪያ ሥር ያሉትን መረጠችልን። አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ ፌራሪ ወርልድ እና ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ አሉ፣ ጎን ለጎን ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሁለተኛው በ2018 የተከፈተ። ዋርነር ብራዘርስ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው፣ በኤሲ የቀዘቀዘ። የ4 ዓመቱ ልጄ ቶምና ጄሪን ሲያይ እጄን ለቆ ሮጠ።

እንግዲህ ስለ ብሩ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ወጣ። የእነሱ ገንዘብ ዲርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 3.67 ዲርሃም ነው። እዚያ አንድ ቀን በስህተት ከተቃጠለ እዚህ የብዙ ወር ቁጠባ ነው። እኛ ልንገዛ የነበረው በአንድ ጊዜ ብዙ ፓርክ የሚያስገባውን ትኬት ነው፣ ርካሽ መስሎን። «የ4 ዓመት ልጅና እማማን ይዛችሁ በቀን ከአንድ ፓርክ በላይ አትችሉም። ለማትገቡበት በር አትክፈሉ» አለች። ሰልፍ የሚያስዘልል ተጨማሪ ትኬት አለ። እሱንም «ማክሰኞና ረቡዕ ሂዱ፣ አያስፈልጋችሁም» አለች። እኔ ሰው የሚበዛው ዓርብ ነው ብዬ ነበር። ለካ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሳምንት ዕረፍታቸው ቅዳሜና እሑድ ሆኗል። ማክሰኞ ሄድን። ሰልፍ አልነበረም አልልም፣ ግን ልጆቹ ሳይሰለቹ ተራቸው ይደርስ ነበር። ክረምት እንግዳ ስለሚቀንስባቸው የሆቴል ዋጋም ይወርዳል። ከዱባይ እየተመላለስን እንዳንደክም እዚያው ያስ ደሴት ሁለት ሌሊት አሳደረችን።

የእሷ ክፍያ ለአንድ አዋቂ ሰው የአንድ ቀን መግቢያ ከሚከፈለው ያነሰ ነው። ካስቀረችልን ጋር አታወዳድሩት።

አንድ ሌላ የወደድኩላት ነገር፣ ትኬቱን በእጇ አልገዛችም። አጠገባችን ተቀምጣ፣ ከፓርኮቹ ከራሳቸው ገጽ ላይ፣ በእህቴ ካርድ እኛው እንድንገዛ አደረገች። ደረሰኙ በእኛ ስም ነው የመጣው። ያንን «ሙሉ ፓኬጅ» ላየ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ መግለጽ አልችልም።

አሁን ስለ እማ ልጻፍ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እኔ እቅዱን ሳስብ እሷን የልጆች ጠባቂ አድርጌያት ነበር። ልጆቹ ይጫወታሉ፣ እማ ቦርሳ ይዛ ትቀመጣለች። ኮምቦልቻዋ ልጅ ግን «እማማስ ምን ማየት ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፈርኩ። ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ለፓርኮቹ ዊልቸር በሩ ላይ እንደሚከራይ ነገረችን። ሐሙስን ደግሞ ለእማ ሰጠቻት፣ ሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ። እዚያው አቡዳቢ ነው፣ መግቢያው በነጻ ነው። ለጎብኚ ግን ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፣ እሱንም አስመዘገበችን።

መስጊዱ 82 ጉልላት አለው፣ ከ40,000 ሰው በላይ ይይዛል። ነጭነቱ ዓይን ይይዛል። እማ ግን ቀና ብላ ጉልላቱን ብዙም አላየችም። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ በእጅ የተሠራ ነው፣ ከ5,600 ካሬ ሜትር በላይ። ይህን ስነግራት ቆመች። ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፣ ያ የሚያማት ጉልበቷን በአንድ እጇ ይዛ። በሌላው እጇ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። እኔ ልጅ ሆኜ ስጋጃ ስትገዛ ገበያ ላይ እንደምታደርገው፣ ጸጉሩን ወደኋላ ወደፊት እያደረገች። «የሴቶች እጅ ነው ይሄ» አለች። ከዚያ የአስርን ሶላት በሴቶች መስገጃ ሰግዳ ወጣች። እህቴ ደጅ ቆማ ስታለቅስ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ እናቷን እዚያ ቦታ ታያታለች ብላ አስባ አታውቅም።

ጉድለት አልነበረም ማለት አልችልም። ስንት ሰው ናችሁ ስትለን ስድስት አልናት፣ እሷም በስድስት አሰበች። እህቴ ስትጨመር ሰባት ሆንን። ያስ ደሴት ሆቴሉ በር ላይ ትልቅ መኪና አጥተን በሁለት ታክሲ ተከፋፈልን፣ ሒሳቡም እጥፍ ሆነ። ማታ ጻፍኩላት። በደቂቃዎች ውስጥ ይቅርታ ብላ፣ ለቀጣዮቹ ቀናት ሰፊ መኪና እንዴት እንደምንይዝ በድምፅ አስረዳችኝ። ስመለስ ቢሮዋ ሄጄ ነበር። የጥያቄ ደብተሯን አሳየችኝ፦ «እዚያ ስትደርሱ ስንት ትሆናላችሁ?» የሚል ጨምራበታለች።

ሁሉም ሰው ይክፈል አልልም። ልጅ የሌላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ፣ ቁጭ ብላችሁ የፓርኮቹን ገጽ ለማንበብ ጊዜ ያላችሁ፣ ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። አዲስ አበባ እንጦጦ ፓርክ ወይም አንድነት ፓርክ ልጆች ለማዝናናትም ለማንም አትክፈሉ፣ የሚያውቅ ዘመድ ጠይቁ። ግን በተለያየ ዕድሜ ያሉ ልጆች፣ አቅም ያነሳቸው እናት ወይም አባት፣ ከዚያም በላይ የሰው ላብ የሆነ ብር ይዛችሁ ወደማታውቁት አገር ከሆነ፣ ክፈሉ። እኔ ድጋሚ እከፍላለሁ።

የኮምቦልቻዋ እህቴ ሆይ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እማን ስለጠየቅሽልኝ ጀዛኪላህ ኸይር፣ አላህ መልካሙን ይክፈልሽ። እማም ስትሰግድ በዱዓዋ ታነሳሻለች፣ ሰምቻታለሁ።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ አንድ በአንድ ነው የምትሠራው፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲመጣባት አትፈልግም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ለሚቀጥለው ክረምት የምታስቡ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የልጆቻችሁን ቁመት ለክታችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።