ፋይሉ ለምን ተንቀራፈፈ? በእረፍቴ የተጠቀምኩባቸው ሦስት አገልግሎቶች

የአንድ ወር እረፍቴን ከቤተሰቦቼ ጋር ለማሳለፍ በሄድኩበት ጊዜ ካቀድኳቸው ሥራዎች አንዱ፣ አባቴ ለዓመታት ያከማቻቸውን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች አንድ ቦታ መሰብሰብ ነበር። አባቴ ዊንዶውስ፣ እኔ ማክ እንጠቀማለን፤ ማከማቻ ያደረግነው አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት ሲሆን ሳምባ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ፎልደሮቹን ለሁለታችንም ያጋራል። ሳምባ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ለፋይል መጋሪያ የሚጠቀምበትን ኤስኤምቢ የተባለ የመግባቢያ ሥርዓት ለሊኑክስና ለመሰሎቹ ያስቻለ ሥራ ነው። ሦስቱ ማሽኖች ተግባብተዋል፤ ነገር ግን ከየትኛውም ኮምፒውተር ወደ ማከማቻው አንድ ትልቅ ቪዲዮ ስገለብጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አላልፍ አለ፤ ብዙ ትንንሽ ፎቶዎች ሲሆኑማ ከ1 ሜጋባይት በታች ይወርድ ነበር።

መጀመሪያ የደወልኩት ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው የደንበኞች አገልግሎት ነበር፤ ይህ የራሴ ስህተት እንደነበር አምናለሁ። የመለሰችልኝ ባለሙያ በትሕትና አዳመጠችኝና ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው ጥቅል እንድገዛ መከረችኝ። በአንድ ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፋይል ግን ወደ ኢንተርኔት ስለማይወጣ፣ የተገዛው ጥቅል ምንም ያህል ቢያድግ የዚህን ዝውውር ፍጥነት አይለውጠውም። ጥያቄው የእርሷን ድርጅት እንደማይመለከት ብትነግረኝ ኖሮ በተሻለ ረድታኝ ነበር።

ሁለተኛው፣ ቤት ድረስ የመጣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። ገና ሳይቀመጥ ጥፋቱን በማክ ላይ አላከከ፤ ቀጥሎም የአባቴን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጫን አለ፤ ይህን ስንከለክለው ደግሞ «ለመግባባት ይረዳል» በማለት የቀድሞውን፣ የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ስሪት በአባቴ ኮምፒውተርና በማከማቻው ላይ ከፍቶ ሄደ። ፍጥነቱ ቅንጣት አልተለወጠም። ይህ ስሪት አዝጋሚ ከመሆኑም በላይ አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ ስሪት ቀዳዳ በኩል ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት መገባደጃ ባወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ አዲስ በሚጫኑ ኮምፒውተሮች ላይ እንዳይካተት አድርጎታል። ያልለካውን ነገር ለመጠገን መሞከሩ ይታለፍ ይሆናል፤ የተዘጋ በር ከፍቶ መሄዱን ግን ላልፈው አልችልም።

ሦስተኛው ባለሙያ በቀጠሮው ቀን ሳይሆን በማግስቱ መጣ፤ ለዚህ ነጥብ እቀንስበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ግን ሁሉንም ካሰ። በመጀመሪያ የጠየቀን «ትልቅ ፋይል ነው ወይስ ብዙ ትንንሽ የሚዘገየው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ አይፐርፍ የተባለውን መለኪያ በሁለቱ ጫፎች አስነሳ። ይህ ፕሮግራም ዲስክንም ሳምባንም ሳይነካ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን የኔትወርክ መንገድ አቅም ብቻ ይለካል፤ ውጤቱም በሰከንድ 94 ሜጋቢት፣ ማለትም (ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ) ከ12 ሜጋባይት በታች ሆነ። «ይሄ ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት መሆን የነበረበት መስመር ወደ 100 ወርዷል» አለና ከስዊቹ (የኮምፒውተሮቹን ገመዶች ከሚያገናኘው ሣጥን) ወደ ማከማቻው የሚሄደውን ገመድ ነቅሎ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ግልጽ በሆነው የፕላስቲክ ጫፍ ውስጥ ሰባቱ ሽቦዎች እስከ መጨረሻው ደርሰዋል፤ ቡናማው ግን አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀርቶታል። የ100 ሜጋቢት መስመር በአራት ሽቦዎች ስለሚሠራ ቡናማው ባይኖርም አይጎዳውም፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ መስመሩ ሳይቋረጥ በዝምታ ዝቅ ብሎ ኖሯል።

ገመዱ ሲቀየር አይፐርፍ 940 ሜጋቢት አሳየ። እኔ ሥራው አለቀ ብዬ ነበር፤ ቪዲዮው ሲገለበጥ ግን 30 ሜጋባይት ገደማ ላይ ቆመ። መንገዱ ንጹሕ መሆኑ ስለተረጋገጠ ተጠያቂው ሳምባ ወይም ዲስኩ ነበር፤ ዲስኩን ለብቻው ለክቶ ደህና መሆኑን ካየ በኋላ የሳምባን የማዋቀሪያ ፋይል ከፈተ። እዚያ ውስጥ፣ እኔው ራሴ ከዓመታት በፊት «ያፈጥናል» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ የገለበጥኩት መስመር ተቀምጧል፦ የመላኪያና የመቀበያ ቋቱን (መረጃው ሲተላለፍ ለጊዜው የሚያርፍበትን ቦታ) በ8192 ባይት የሚወስን። የዛሬው ሊኑክስ ይህን መጠን እንደ መስመሩ ሁኔታ ራሱ ያስተካክላል፤ በእጅ ሲወሰንበት ግን ማስተካከሉን ያቆማል። መስመሩ ተሰረዘ፣ ሳምባ እንደገና ተነሣ፣ ቪዲዮው 110 ሜጋባይት ላይ ሄደ። አንገቴን ደፋሁ። የቀድሞውን የኤስኤምቢ ስሪትም በዚያው መልሶ ዘጋው።

የትንንሾቹ ፎቶዎች ነገር ተሻሻለ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ ባለሙያውም ይህን አልሸሸገም። ለእያንዳንዱ ፋይል መክፈት፣ መጻፍ፣ ባሕርይውን መመዝገብና መዝጋት የየራሳቸው ጥያቄና መልስ ስላላቸው ጊዜው የሚባክነው በመመላለሱ ነው። ማክ በበኩሉ ለየፋይሉ ተጨማሪ መረጃ ስለሚጠይቅና ስለሚያስቀምጥ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን የሳምባ ተጨማሪ ክፍል አበራለት። ሠላሳ ሺህ ፎቶ ያለበትንም ፎልደር ፎቶዎቹ በተነሡበት ዓመት እንድከፋፍለው መከረኝ፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ሆሄ ስለማይለይ፣ ሊኑክስ ግን ስለሚለይ፣ ሳምባ አንድ ስም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ፎልደሩን በሙሉ ማሰስ ይኖርበታልና።

ቅር ያለኝ የለወጠውን ነገር በጽሑፍ ሳይተውልን መሄዱ ነው። ስጠይቀው ሦስት መስመር በስልክ መልእክት ላከልኝ፤ እኔም ቀሪውን ጨምሬ አትሜ በማከማቻው ክዳን ላይ ለጠፍኩት። የእያንዳንዱን ዓመት ፎቶዎች ወደ አንድ አንድ ጥቅል ፋይል ጠቅልዬ ማታ መገልበጥ ጀመርኩ፤ ጠዋት ሻንጣዬን ስዘጋ አልቆ ነበር።