ጋሼን ላመሰግን፤ ዴስክቶፕ ፕሮግራም ለጀመራችሁም ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ለጥቆማም ጭምር። የዴስክቶፕ አፕሊኬሽን መሥራት ጀምራችሁ መሃል መንገድ ላይ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ስክሪናችሁን በርቀት እያዩ የሚያግዙ አንድ መምህር አሉ። ተማሪዎቻቸው ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። "ስሜን አደባባይ አታውጡት" ስላሉ አልጽፈውም። ረጅም ዘመን ፕሮግራመር ሆነው ሠርተዋል። አሁን የሚይዙት ጀማሪ ብቻ ነው።

በቡድን ነው የምንማረው። አንዱ በሲ ሻርፕ፣ ሌላዋ በፓይተን፣ ሌላው በጃቫ ይሠራል። ይዘውት የሚመጡት ጣጣ ግን ያው ነው። ጋሼ ገና ችግሩን ስትነግሯቸው ፈገግ ይላሉ። "ይቺን አውቃታለሁ" ማለታቸው ነው። መልሱን ግን አይነግሯችሁም።

በብዛት የሚመጣው "ፕሮግራሜ ሃንግ ያደርጋል" የሚል ስሞታ ነው። በተኑን ትጫናላችሁ፣ መስኮቱ ነጣ ይላል፣ አናቱ ላይ "ኖት ሪስፖንዲንግ" የሚል ይወጣል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮምፒውተሩን ነው። ራም ይጨመርበት የሚልም አይጠፋም። ጋሼ ነገሩን ሲያስረዱ የፕሮግራሙን መስኮት አንድ እንግዳ ተቀባይ ብቻ ያለው ቢሮ አድርገው ነው። ክሊክ ሲመጣ የሚቀበለው፣ መስኮቱን የሚስለው፣ ጽሑፍ የሚቀይረው ያው አንድ ሰው ነው። "እሱን ሺህ ፋይል አንብብ ብለህ ወደ ጓዳ ከላክኸው በሩ ላይ ማን ይቆማል?" አሉ። ዊንዶውስም ዝም ብሎ አያይም። ፕሮግራሙ ለ5 ሰከንድ የመጣለትን መልእክት ካላነሳ ምላሽ የማይሰጥ ብሎ ይመድበዋል።

መፍትሔው ከባዱን ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን ወደሚሠራ ሌላ ሠራተኛ፣ ማውጣት ነው። በሲ ሻርፕ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሲንክ እና አዌት የሚባሉ ቁልፍ ቃላት ስላሉ ይህ በጣም ቀሏል። ችግሩ ግን እዚህ አያበቃም። ሥራውን ወደ ሌላ ትሬድ ያወጣ ልጅ እዚያው ሆኖ የሌብሉን (መስኮቱ ላይ ያለውን መግለጫ) ጽሑፍ ሊቀይር ይሞክራል። ወዲያው "ክሮስ ትሬድ ኦፐሬሽን" የሚል ኤረር ይመጣበታል። ስክሪን ላይ ያለን ነገር መንካት ያለበት የፈጠረው ትሬድ ብቻ ነውና። ሥራውን ወደዚያ ትሬድ ለመመለስ በዊንዶውስ ፎርምስ (የሲ ሻርፕ መስኮት መሥሪያ) ኢንቮክ አለ፣ በጃቫው መስኮት መሥሪያ በስዊንግ ኢንቮክ ሌተር አለ። በፓይተኑ መስኮት መሥሪያ በቲኪንተር ደግሞ ውጤቱን ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ አፍተር በሚባለው ትእዛዝ እየተመላለሱ ማየት የተለመደ ነው። ስሙ ተለያየ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

"ዱ ኢቨንትስ ጨምርበት፣ ይስተካከላል" የሚል ምክርም ኢንተርኔት ላይ በሽ ነው። ዱ ኢቨንትስ በሥራው መሃል የመጡ ክሊኮችን አስተናግድ የሚል ትእዛዝ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል። መስኮቱ የዳነ ይመስላል። ነገር ግን ተጠቃሚው ሥራው ሳያልቅ ያንኑ በተን ደግሞ ሊጫነው ይችላል። ያው ሥራ ራሱ ላይ ተደርቦ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ኤረር ማን ይፈታዋል?

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የዳታቤዙ ነገር ነው። አንዲት ልጅ "ፕሮግራሜ ዳታ ይበላል" ብላ መጣች። ትመዘግባለች፣ ሰንጠረዡ ላይ ይታያል። ዘግታ ከቪዥዋል ስቱዲዮ (ኮድ ከሚጻፍበት ፕሮግራም) እንደገና ስታስነሳው ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ዳታ የሚያስገባውን፣ ኢንሰርት የሚለውን ኮድ ደጋግማ ጽፋዋለች። ጋሼ ከኮዷ አንድ መስመር አላዩም። "የዳታቤዙ ፋይል የት ነው ያለው?" አሏት። "ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ" አለች። "እስቲ በስሙ ፈልጊው" አሏት። ፈለገችው። ሁለት ሆኖ ተገኘ! አንዱ ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ሌላው የተገነባው ፕሮግራም በሚቀመጥበት፣ ቢን ውስጥ ባለው ዲበግ በሚባለው ፎልደር ውስጥ። ፕሮግራሙ የሚጽፈው ሁለተኛው ላይ ነው። የፋይሉ ቅንብር "ኮፒ ኦልዌይስ" ላይ ስለነበር ፕሮጀክቱ በተገነባ ቁጥር ባዶው መጥቶ የሞላውን ይተካዋል። "ኮፒ ኢፍ ኒወር" አደረገችው፣ ዳታው መቀመጥ ጀመረ። ኢንሰርቱ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ። በኤስኪውላይት (ዳታውን በአንድ ፋይል የሚይዝ ዳታቤዝ) የሠራን ልጅ "ኖ ሰች ቴብል" (ቴብሉ የለም) እያለ ያስቸግረዋል። ቴብሉ እንዳለ ደግሞ በዓይኑ አይቷል። ኤስኪውላይት የምትከፍትበት ቦታ ላይ ፋይሉን ካላገኘ በተለመደው ቅንብሩ ዝም ብሎ አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ልጁ የሰጠው የፋይሉን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሌላ ፎልደር ሲነሳ እዚያው ባዶ ዳታቤዝ ይወለዳል። የጋሼ ጥያቄ አሁንም ያው ነበር። "ፋይሉ የት ነው ያለው?" ይህቺ ጥያቄ ብቻ ስንት ሰው እንዳዳነች!

"በኔ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ እምቢ አለ" የሚለውም ከዚሁ ነው የሚመዘዘው። የፋይሉ አድራሻ ከነተጠቃሚ ስማችሁ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወይም ፕሮግራሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ተጭኖ እዚያው ሊጽፍ ይሞክራል። ተራ ተጠቃሚ ደግሞ እዚያ የመጻፍ ፈቃድ የለውም። የተጠቃሚ ዳታ ቦታው አፕ ዳታ የሚባለው ፎልደር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው የዶትኔት ራንታይም እዚያ ላፕቶፕ ላይ የለም፣ በቃ።

የፎርሞች (የፕሮግራሙ መስኮቶች) ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሁለተኛው ፎርም ላይ የተጻፈው አንደኛው ላይ አልታይ ይላል። ኮዱ ሲታይ "ኒው ፎርም 1" ይላል። ይህ የተከፈተውን ፎርም አያገኝም። ሌላ አዲስ ይፈጥራል፣ ጽሑፉም ማንም ወዳላየው ፎርም ይሄዳል። የመጀመሪያውን ፎርም ደብቆ ሁለተኛውን የሚከፍትም አለ። ተጠቃሚው ሁለተኛውን ሲዘጋ ፕሮግራሙ የተዘጋ ይመስለዋል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ግን ቁጭ ብሏል። በኋላ ፕሮጀክቱ አልገነባም ሲል፣ ፋይሉ በሌላ ፕሮሰስ ተይዟል ሲል፣ ያዢው ያው የተደበቀው ነው።

የቲኪንተር ልጆች ደግሞ የራሳቸው አላቸው። በተኑ ሳይነካ ሥራው ፕሮግራሙ ሲከፈት ይሠራል፣ ሲጫኑት ግን ዝም። የበተኑ ኮማንድ ላይ ከፈንክሽኑ ስም ቀጥሎ ቅንፍ ስለተደረገ ነው። ቅንፉ ይነሳ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ጋሼ አሠራር ልምጣ፤ የምጠቁማቸውም ለዚህ ነው። ኪቦርዳችሁን አይነኩም። ርቀት ላይ ሆነው ስክሪናችሁን መቆጣጠር ይችላሉ፣ ግን አያደርጉትም። መጀመሪያ የሚያስተምሯችሁ ዲበገር ነው፤ ፕሮግራሙን መሃል ላይ እያስቆሙ የሚመረምሩበት መሣሪያ። በቪዥዋል ስቱዲዮ ኤፍ 9 ተጭናችሁ ብሬክፖይንት (የማቆሚያ ምልክት) ታስቀምጣላችሁ፣ በኤፍ 5 ታስነሳላችሁ፣ በኤፍ 10 መስመር በመስመር ትሄዳላችሁ። እያንዳንዱ መስመር ላይ "አሁን ይሄ ተለዋዋጭ ምን ይዟል?" ይሏችኋል። ከመገመታችሁ በፊት ማየት አይፈቀድም። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን "ኦብጀክት ሪፈረንስ ኖት ሴት" የሚለው ኤረር ሲመጣ ኮዱን ሁሉ መበርበር ይቀራል። ባዶ የሆነው የትኛው እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ባዶ ካች ካዩ ይቆጣሉ። ኤረሩ እንዳይታይ ትራይ እና ካች (ኤረር የሚይዝ የኮድ ክፍል) ውስጥ ከትቶ ካቹን ባዶ መተው ብዙ ጀማሪ የሚወደው መላ ነው። "ልጄ፣ ኤረሩ አልጠፋም፤ አንተ ነህ መስማት ያቆምከው" ይላሉ። የስታክ ትሬስ (ኤረሩ የመጣበትን መንገድ የሚያሳየው ዝርዝር) አነባበባቸውም ቀላል ነው። ያ ሁሉ መስመር አያስደንግጣችሁ። በሲ ሻርፕና በጃቫ ከላይ ወደ ታች፣ በፓይተን ግን ከታች ወደ ላይ ስትሄዱ የራሳችሁ ፋይል ስም መጀመሪያ የተጠቀሰበትን መስመር ያዙ። ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።

በየትኛው ቴክኖሎጂ ልጀምር ብላችሁ ብትጠይቋቸው አጥጋቢ መልስ አታገኙም። ዊንዶውስ ፎርምስ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስለሆነ አርጅቷል የሚሉ አሉ። ጋሼ "የጀመርከውን ጨርስ" ብለው ያልፋሉ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ዲዛይነር ላይ በማውዝ እየጎተቱ መሥራት ብቻ የለመደ ሰው የስክሪኑ ማጉያ 150 ፐርሰንት የተደረገ ላፕቶፕ ላይ በተኖቹ ተደራርበው ሲያይ ይደነግጣል። በተኖችን ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር የሚያያይዙትን አንከርና ዶክን ቶሎ ቢያስተምሩ ጥሩ ነበር እላለሁ። ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁ።

ለሁሉም ይሆናሉ አልልም። የቤት ሥራ ሠርተው አይሰጡም። ፕሮጀክቱ ነገ ነው የሚረከበው ብላችሁ በሌሊት ብትደውሉ አያነሱም። መልስ ሲሰጡም ይዘገያሉ፣ አንዳንዴ እኔም ትዕግሥቴ ያልቃል። ቶሎ መልስ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ኮፒ ፔስት አድርጎ የሠራ ራሱ ሊያብራራው ካልቻለ ትምህርቱ እዚያው ይቆማል።

ኮዴን ከፍቼ ራሴ ምርመራ መጀመር የቻልኩት በእሳቸው ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመገናኘታችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቋችኋል። ምን አደረግህ፣ ምን ጠበቅህ፣ ምን ሆነ። የኤረሩንም ጽሑፍ ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ አያይዙ። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ከላካችሁ ግን መልስ አትጠብቁ።