የዜግነት ማመልከቻ እያለ አስቸኳይ ጉዞ፦ በግሪን ካርድ ወይስ ከቃለ መሐላ በኋላ?

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ያሉ እናት በጠና ቢታመሙ፣ አሜሪካ ሆኖ ዜግነት የሚጠብቅ ልጅ በግሪን ካርዱ ወዲያው ይመጣል፤ ወይም ምሎ በአሜሪካ ፓስፖርት ይመጣል። የመሐላው ቀን ካልተቆረጠ የመጀመሪያው ይሻላል።

ማመልከቻው ጉዞ አይከለክልም። የጸና የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ይበቃሉ። የካርዱ ጊዜ ካለፈ የኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ) ደረሰኝ በ24 ወር ስለሚያራዝመው ሁለቱ አብረው ይያዙ። የሚያበላሸው ቀጠሮ ነው፦ ሳያሳውቁ ከቃለ መጠይቅ ቀርተው 30 ቀን ካለፈ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከመብረርዎ በፊት የቀጠሮ ለውጥ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሐኪም ማስረጃ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ያያይዙ፤ ፖስታዎን የሚከፍት ሰው ይወክሉ። ከ6 ወር በላይ መቆየት ደግሞ ነዋሪነትዎን እንዳቋረጡ ያስቆጥራል፤ እንዳላቋረጡ ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ይሆናል። «መጥቻለሁና የይዞታ ካርታውን ልጨርስ» ብሎ መሰንበት እዚህ ላይ ነው ጉዳቱ። ለካርታው ውክልና መስጠት ይቻላል።

መሐላው በቀናት ውስጥ ከሆነ ግን መጠበቁ ያዋጣል። ግሪን ካርዱን በዕለቱ ስለሚያስረክቡ ፓስፖርት ሳይዙ መውጣት አይሆንም። በ14 ቀን ውስጥ ለሚጓዝ ሰው የፓስፖርት ኤጀንሲ በቀጠሮ ያስተናግዳል፤ የዜግነት ሰርተፊኬቱን ዋና ቅጂ፣ ፎቶና የጉዞ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ነው። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ በቀድሞው ፓስፖርት ቦሌ መግባት ቀርቷል፤ ኢ-ቪዛ ያስፈልጋል፣ ቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ለኋላ ይደርሳል። በመሐላው ስም ከቀየሩ ትኬቱን በአዲሱ ስም ይቁረጡ።