ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው፦ የክንድ፣ የአንጓ ወይስ የሰዓት መለኪያ?

ስኳርም ግፊትም ላለበት ሰው የደም ግፊት መለኪያ ስትገዙ፣ ከብሉቱዙና ከስክሪኑ ስፋት በፊት ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ማሰሪያ ልክ እዩ። የክንዱን ዙሪያ በትከሻና በክርን መካከል በሜትር ለኩት። መካከለኛው ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ ሰፊው እስከ 42 ይደርሳል። ክንዱ 35 ለሆነ ሰው መካከለኛውን አጥብቆ ማሰር ግፊቱን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል፤ በዚያ ቁጥር መድኃኒት ሲጨመርለት ደግሞ ከመቀመጫው ሲነሳ ያዞረዋል። ለቀጭን ክንድ የሰፋ ማሰሪያ በተቃራኒው ከፍ ያለ ግፊትን ይደብቃል።

ልኩ ማሰሪያ ያለው የክንድ አውቶማቲክ ቀዳሚ ምርጫችን ነው። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ሰውየው ብድግ ሲል ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ለመያዝም የሚመቸው እሱ ነው። ተቀምጦ ከተለካ በኋላ፣ በቆመ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ተደግፎ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

የአንጓው መለኪያ ክንዱ በጣም ወፍራም ሆኖ ማሰሪያ ላልተገኘለት ሰው ይጠቅማል። ግን አንጓው ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ቁጥሩ በ7 ወይም በ8 ያሻቅባል፤ እጅን ጭን ላይ አድርጎ መለካት የሚያሳስተው በዚህ ነው። ስኳር ያደደረው የደም ሥር ሲጨመርበት ስህተቱ ይብሳል።

በማዳመጫ የሚለካው ባለ መርፌ መለኪያ ባትሪ አይፈልግም፤ የሠለጠነ ጆሮ ግን ይፈልጋል። አየሩ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ብቻ እየወረደ መለቀቅ አለበት። አንዴ ከወደቀ መርፌው ዜሮ ላይ ቢቆምም አይታመንም። ዓይኑ በስኳር ለደከመና ብቻውን ለሚኖር ሰው አይሆንም።

ስማርት ሰዓትን ለመድኃኒት ውሳኔ አትግዙ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ሰዓት በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ መስተካከል አለበት፤ ስለዚህ የክንዱን መግዛታችሁ አይቀርም።

«ሐኪሞች የሚመክሩት» የሚል ጽሑፍ ማስረጃ አይደለም። የሞዴሉን ቁጥር፣ ትክክለኛነታቸው የተረጋገጠ የግፊት መለኪያዎችን የሚዘረዝረው ስትራይድ ቢፒ (STRIDE BP) የተባለ ድርጅት በኢንተርኔት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። ያኔም ቢሆን ዕቃውን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ በአንድ ክንድ ላይ ከባለሙያው መለኪያ ጋር እያፈራረቃችሁ አስተያዩት። ልዩነቱ እስከ 5 ከሆነ ደህና ነው፤ ከ10 ካለፈ መልሱት።

ዕቃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አለካኩ ያበላሸዋል። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ 5 ደቂቃ ጀርባን ተደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ማሰሪያው በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ይታሰር። ጠዋት ከመድኃኒት በፊትና ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይለካ። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ። 135 በ85 ከደረሰ ከፍተኛ ነው፤ ስኳር ላለበት ሐኪሙ ከዚያም ዝቅ ያለ ግብ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ከአሜሪካ ለወላጆቻችሁ የምትልኩ ከሆነ የአስማሚውን (የአዳፕተሩን) ጀርባ አንብቡ። «100–240 ቮልት» ካላለ የኢትዮጵያ 220 ያቃጥለዋልና በባትሪ ብቻ እንዲጠቀሙ ንገሯቸው።