ዎኪንግ ትራክተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ካምቢዮው ሳይከፈት ብር እንዳታወጡ

እጄ ገና ግሪስ ነው፣ ስልኩም ተቀብቷል፣ ፊደል ከተሳሳትኩ እለፉኝ። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ይበርድልኛል፣ እንዲበርድልኝ ደግሞ አልፈልግም።

እነዚህን ያገለገለ ዎኪንግ ትራክተር፣ ያን ከኋላው እየተራመድክ በእጅ የምትነዳውን ትንሽ ትራክተር፣ የሚሸጡ ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ናዝሬት ሂዱ፣ አዲስ አበባ ሂዱ፣ አንድ ናቸው። በረንዳው ላይ ሁለት ሶስት ማሽን ተደርድሯል፣ ቀለሙ ከሩቅ ያበራል፣ ገና ከባጃጅ ሳትወርድ ወንበር አምጡለት ቡና አምጡለት ይባላል። «ወንድሜ ይሄ ከቀረጥ ነጻ የገባ ነው፣ አንድ ክረምት እንኳን አልሰራም፣ ባለቤቱ ውጪ ሀገር ሊሄድ ስለሆነ ነው» ይሉሃል። ባለቤቱ ሁሌ ውጪ ሀገር ሊሄድ ነው። በነሱ ወሬ ቢሆን እስካሁን ሀገር ባዶ ቀርታ ነበር።

እኛ መኪ አካባቢ ነው የምናርሰው፣ ሁለት ሄክታር፣ ግማሹ የራሳችን ግማሹ ኮንትራት። በቆሎ ነው የምንዘራው፣ መልካሳ 2 የሚባለውን ዝርያ። የስምጥ ሸለቆ ሰው የሆነ ያውቀዋል፣ እዚህ ዝናብ እንደ ጎጃም አይጠብቅህም። መልካሳ 2 ለመድረስ ወደ 130 ቀን ይፈልጋል፣ ዝናቡ ደግሞ መስከረም ላይ ጥሎህ ይሄዳል፣ ስለዚህ ግንቦት ላይ መሬቱ ተዘጋጅቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዘሩ አፈር ውስጥ መገኘት አለበት። ሰኔ አጋማሽ ካለፈህ ወይ በ105 ቀን የሚደርሰውን መልካሳ 4 ፈልግ፣ እሱ ደግሞ በዛ ሰዓት አይገኝም፣ ወይ በቆሎውን እርሳውና ቦሎቄ ዝራ። ዘሩ ቤት ገብቷል፣ ማዳበሪያው ገብቷል፣ የቀረው ማረስና መዝራት ብቻ ነበር። ለዚህ ብለን ነው እንግዲህ በሬዎቹን ሸጠን ብር ጨምረንበት ትራክተር የገዛነው። አዎ፣ በሬዎቹን። አባቴ አንዱ እንኳን ይቅር ብሎ ነበር፣ አንድ በሬ ብቻውን ምን ያደርጋል ብዬ አስማምቼው ሁለቱንም መኪ ገበያ ወስደን ሸጥናቸው።

280 ሺህ ብር። ባለ 18 ፈረስ ጉልበት ነው አሉኝ፣ ማረሻና የመስመር መዝሪያ አብሮ። ስንደርስ ሞተሩ ተነስቶ እየሰራ ነበር፣ «ላንተ ብለን ነው ያሞቅነው» አሉን፣ ግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ወዲያ ወዲህ ነዱት፣ ዝም ያለ፣ ለስላሳ፣ ድምጹ ራሱ ደስ የሚል። ተጫነ፣ መጣ።

መሬት ላይ ሲገባ መጀመሪያ መዝሪያው ነው የከዳን። ዘሩን ከመጣል ይልቅ ይፈጨዋል። አንድ መስመር ሄደን ዞር ብዬ ሳይ አፈሩ ላይ ያለው ዘር ሳይሆን ክክ ነው። እሺ መዝሪያው ይቅር፣ በእጅ እንዘራለን፣ ማረሱን ያርስልን ብለን ፈታነው። ከዛ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይዘላል። አስገባዋለሁ፣ ይወጣል፣ አስገባዋለሁ፣ ይወጣል፣ በመጨረሻ ማንሻውን በገመድ አስሬ መንዳት ጀመርኩ፣ ትንሽ እንደሄድኩ ከውስጥ ጓ አለና ቆመ። ሰማዩ በዝዋይ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እየዘሩ ነው። እኛ ማሽን አስረን በጋሪ ወደ መኪ።

ይሄን ነው ሁላችሁም እንድታነቡልኝ የምፈልገው። ጋራዡ ላይ ያሉት ጋሼ በእድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፣ አረንጓዴው ስር ቀይ፣ ቀዩ ስር ሰማያዊ። «ስንት አመቱ ነው አሉህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይመልሱ ቁልፍ አንስተው የካምቢዮውን፣ ማለቴ የማርሽ ሳጥኑን፣ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ፈቱት። እኔ ዘይቱ መሬት እንዳይፈስ ብዬ የተቆረጠ ጀሪካን ከስር ይዣለሁ። ቡሎኑ ወጣ። ምንም አልወረደም። አንዲት ጠብታ የለም። ጋሼ ሽቦ አምጥተው ቀዳዳውን ወጋ ወጋ አደረጉት፣ አሁንም የለም፣ እኔ ዘይቱ አልቆ ይሆናል እያልኩ ነው፣ ሽቦውን ሲያጠማዝዙት የሆነ ወፍራም ነገር እንደ ገንፎ ዱብ አለ ጀሪካኑ ላይ። ከዛ ሌላ። ከዛ ሌላ። በሁለት ጣታቸው አሽተው አሸተቱትና ለኔም አሳዩኝ።

«ሰጋቱራ ነው» አሉኝ።

«የምን ሰጋቱራ?»

«የእንጨት ቤት ሰጋቱራ ነዋ። ጥርሱ የተበላ ማርሽ እንዳይጮህ ከግሪስ ጋር ይጠቀጥቁታል። የሚሸጥ ቀን ዝም ይላል።»

ክዳኑን ሲከፍቱት የሁለተኛ ማርሽ ጥርስ ግማሹ የለም። ኩሽኔታው ተሰባብሮ ኳሶቹ ሰጋቱራው ውስጥ ተበትነዋል። የካምቢዮው ቤት ራሱ ከጎን ተሰንጥቆ ተበይዷል፣ በላዩ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ያ የሚያበራው አረንጓዴ ቀለም። ሞተሩንም እዩልኝ አልኳቸው፣ ዘይቱ የሞተር ዘይት አይደለም፣ ጭሱ እንዳይታይ ብለው ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ሞልተውበታል። ካምቢዮው ውስጥ ሰጋቱራ፣ ሞተሩ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት! ለዛ ነው እንግዲህ አሙቀው የጠበቁኝ፣ ቀዝቅዞ ቢሆን በቀላሉ አይነሳም ነበር።

ያ ለስላሳ ድምጽ ሰጋቱራ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው ሳስብ ያደርኩት።

በማግስቱ ሰጋቱራውን በፌስታል ቋጥሬ ናዝሬት ሄድኩ። ያ ወንድሜ ወንድሜ ሲለኝ የነበረው ልጅ ቀና ብሎም አላየኝም፣ ቡናም የለ ወንበርም የለ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ፈታ አድርጎ አየና በእስክሪብቶው ጫፍ ወደኔ ገፋው፣ «ይሄን ጠረጴዛ አሁን ነው ያስወለወልኩት» አለኝ። በቃ የመለሰልኝ ይሄን ነው። ከማሽንህ ውስጥ የወጣ ነው ስለው «ገበሬ እጅ ገብቶ የማይበላሽ ምን አለ» አለና ወደ ካሸሯ ዞረ፣ እሷም ሳቀች፣ አፏን ሸፍና እንኳን አይደለም። ደረሰኙን አወጣሁ። እሱን ሲያይ ነው ፈገግ ያለው። ለካ የቆረጡልኝ የ90 ሺህ ነው፣ ሲቆርጡ «ታክሱ እንዳይበዛብህ» ብለውኝ ነበር። «እኔ የማውቀው እዚህ ላይ ያለውን ነው፣ ደግሞ ከስር አንብበው» አለኝ። ከስር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። በረንዳው ላይ በዛች ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነበር፣ ከጓሮ ሞተር እየሞቀ ይሰማል። ሄጄ አባባ ከፍተው ይዩት አልኳቸው። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ይግዙት አይግዙት አላውቅም።

ቤት ስመለስ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እንግዲህ ሰጋቱራውን ዝራዋ» አለኝ።

ደግነቱ ሰው አለን። ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን ሲጨርሱ ጥንድ ጥንድ በሬ ይዘው መጡ፣ እኔና እህቴ ከማረሻው ኋላ ዘርና ማዳበሪያ እየጣልን፣ መስመር ሲባል በአይን ግምት ነው፣ 75 ሳንቲ ምናምን የሚለውን ማን ይለካል በዛ ሰዓት። ደረቅ አፈር ላይ ነው አብዛኛውን የዘራነው። ዝናቡ ሲጥል የኮንትራቱ መሬት ግማሹ ቀርቶ ነበር፣ እሱን አሁን ቦሎቄ እንዘራበታለን፣ ዘሩን በብድር ካገኘን። የኮንትራቱን ብር ግን አከራዩ አይቀንስልንም።

የምትገዙ ካላችሁ ጠዋት በማለዳ ሳትደውሉ ሂዱ፣ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ፣ ሞቅ ካለ ተመለሱ። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና የካምቢዮውን ቡሎን አስፈቱ፣ አናስፈታም ካሉ መልሱ እሱ ነው። ሲሚንቶ ላይ አይደለም፣ አፈር ውስጥ ማረሻ አስገብቶ ይሞከር። ደረሰኝ በከፈላችሁት ልክ ይቆረጥ፣ በታክስ እናግዝህ የሚሏችሁ እኔን ያገዙኝ አይነት ነው። አይመለስም ብለው ስለጻፉ ብቻ ደግሞ እጃችሁን አትስጡ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ብሩ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ቀኑ ሳያልፍ ንግድ ቢሮ አመልክቻለሁ፣ ሰጋቱራውንም ከነፌስታሉ ይዤ ገብቼ ነበር፣ ማስረጃ ክፍል ያለችው ልጅ የት እንደምታስመዘግበው ጨንቋት ለጊዜው አንተ ጋ ይቆይ አለችኝ፣ ሰኞ ተመለስ ተብያለሁ።