ሙድል፦ ተማሪን የሚያቆየው ሁሉ በቅንብሩ ውስጥ ነው

ሙድል ማርቲን ዱጊያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያ ዕትሙን ካወጣለት ጊዜ ጀምሮ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የቆየ የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ነው። ብዙ መምህራን ግን የሚገለገሉበት እንደ ፋይል ማስቀመጫ ነው፤ ስላይድና ቪዲዮ ይጭኑበታል፣ በመጨረሻም ፈተና ይሰጡበታል፣ ተማሪዎቹ በመሃል ለምን እንደጠፉ ግን ግራ ይገባቸዋል። እኔም የመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮርስ ሳስተምርበት ለረጅም ጊዜ ከዚህ የተለየ አላደረግሁም። ተማሪን ከትምህርቱ ጋር የሚያቆዩት መሣሪያዎች ሁሉ በውስጡ እንዳሉ ዛሬ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ፤ ዋናው ድክመቱ አብዛኞቹ መምህሩ ራሱ ፈልጎ ካላበራቸው በቀር የማይሠሩ መሆናቸው ነው።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በፈተናው ላይ ነው። አዲስ ፈተና ሲዘጋጅ ሥርዓቱ በራሱ ይዞት የሚመጣው፣ ተማሪው ሁሉንም ጥያቄ መልሶ ካስረከበ በኋላ ብቻ ስህተቱን የሚያይበትን አሠራር ነው። ለማጠቃለያ ፈተና ተገቢ ነው፤ ለልምምድ ግን እርማቱ የሚመጣው ተማሪው ያሰበበትን መንገድ ከረሳው በኋላ ስለሚሆን ጥቅሙ ይቀንሳል። ቅንብሩ ደጋግሞ መሞከር ወደሚፈቅደው አሠራር ሲቀየር ግን ጥያቄው ራሱ ማስተማር ይጀምራል። ለምሳሌ የ9፣ 2፣ 7፣ 4 እና 5 ሚዲያን (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ስንት ነው ሲባል 7 ብሎ የመለሰ ተማሪ ምን እንዳደረገ ግልጽ ነው፤ ቁጥሮቹን ሳይደረድር መሃል ላይ ያገኘውን አንስቷል። ስለዚህ 7 ለሚል መልስ ብቻ የሚወጣ «ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረዋል?» የሚል ምላሽ አስቀድሜ ጻፍሁ። ተማሪው ይህን አንብቦ ቁጥሮቹን ይደረድርና በሁለተኛው ሙከራ 5 ይላል። ቅጣቱ ካልተለወጠ በቀር የተሳሳተ ሙከራ የጥያቄውን ነጥብ አንድ ሦስተኛ ያስቀንሳል፤ ይህም በግምት ከመሞከር ይገታል። አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ በጥያቄው ላይ ቢያንስ አንድ ፍንጭ ካልተጻፈ ሁለተኛ ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

ፎረሙም እንዲሁ ነው። በተለመደው ዓይነት የመጀመሪያው ተማሪ የጻፈውን ሌሎቹ በጥቂት ቃል ለውጠው ይደግሙታል። «ጥያቄና መልስ» የተባለው ዓይነት ሲመረጥ ግን ማንም የራሱን ሐሳብ ሳያሰፍር የሌላውን ማንበብ አይችልም፤ ከጻፈ በኋላም የማስተካከያው ጊዜ፣ ካልተቀየረ 30 ደቂቃ፣ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እኔ እንዳየሁት ውይይቱ ሕይወት የሚዘራው በዚህ አኳኋን ነው።

በቪዲዮ በኩል ሥርዓቱ መምህሩን ከራሱ ስህተት አያድነውም። ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ተመልካቾችን ይዘው የሚቆዩት ከ6 ደቂቃ የሚያንሱ ቪዲዮዎች መሆናቸውን ቢያሳይም፣ ሙድል የአንድ ሰዓት ቅጂንም ያለ ምንም ማሳሰቢያ ይቀበላል። ኤች5ፒ በተባለው መሣሪያ ቪዲዮውን በመሃል አቁሞ ጥያቄ ማስገባት መቻሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ረጅሙን ቪዲዮ ከመቁረጥ ሥራ አያሳርፍም።

የተማሪዎቹ ዝርዝር ላይ ለተወሰነ ጊዜ ያልገቡትን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ማጣሪያ አለ። ለአንድ ሳምንት ድምፃቸው ለጠፋ ተማሪዎች ከዚያው ላይ በአንድ ጊዜ መልእክት መላክ ይቻላል፤ እኔ ግን በየስማቸው፣ የት ላይ እንዳቆሙ ጠቅሼ መጻፉን እመርጣለሁ።

በእውነት የሚያስቸግረው ኢንተርኔት በየጊዜው ለሚቋረጥባቸው ተማሪዎች ማዘጋጀት ነው። የሞባይል መተግበሪያው ፈተናን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ቢያስችልም፣ ይህ የሚሆነው መምህሩ ከፈቀደ፣ የጊዜ ገደብ ከሌለውና ውጤቱ ተማሪው ካስረከበ በኋላ የሚገለጽበት ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ ያመሰገንሁት፣ ወዲያው እያረመ ደግሞ የሚያስሞክረው ፈተና ከመስመር ውጭ አይሠራም፤ እርማቱ በእጅጉ የሚያስፈልገው ተማሪም ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት የሚቸግረው ነው። እስካሁን ያገኘሁት መፍትሔ የየሳምንቱን ልምምድ በሁለት ቅጂ ማዘጋጀትና ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ለሚሠራው ቅጂ ማብራሪያውን ይበልጥ አስፍቶ መጻፍ ነው። ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ሁለቱንም እያዘጋጀሁ ነው።